ከሳን ማርኮ ይሻላል የተባለው ግቢ

ኒቬስ ቡሴቶ የገዛ ግቢዋ ስም ሲጠራ የሰማችው በማለዳ፣ ቡናዋን ምድጃ ላይ ጥዳ ቆማ ሳለች ነው። ድምፁ የመጣው ከሳሎኑ ነበር። የወንድሟ ልጅ ጃዳ ሶፋው ላይ እንደተጋደመች ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ኢንተርኔት ላይ የለቀቀችውን የራሷን ቪዲዮ ደጋግማ ታዳምጣለች። «ሳን ማርኮ አደባባይ ሄዳችሁ በሰው ክርን አትደቆሱ» ትላለች ስልክ ውስጥ ያለችው ጃዳ፣ በደስታ በተሞላ ድምፅ። «ጎንዶላ ላይ ወጥታችሁ ኪሳችሁን አታራግፉ፤ መሻገሪያዋ ጀልባ በሁለት ዩሮ ታላቁን ቦይ ታሻግራችኋለች። ደወል ማማው ሥር ከመሰለፍ ማዶ ተሻግራችሁ የሳን ጆርጆ ደሴት ማማ ላይ ውጡ። የእህህታ ድልድይን ግን ጨርሶ እርሱት! በሱ ፈንታ ካስቴሎ ሰፈር፣ ኮርቴ ካኔቫ ግቡ። እውነተኛዋ ቬኒስ እዚያ ናት። ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ድመት ተኝቶ፣ አሮጊቷ መስኮቷ ላይ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው።» ንግግሩ ሲያልቅ ጃዳ በጣቷ ነካ ታደርገውና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ኒቬስ ቡናው ገንፍሎ ምድጃውን እስኪያጠፋው ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ኮርቴ ካኔቫ የተወለደችበት ግቢ ነው። በአራት ማዕዘን የተገጠሙ ስድስት ቤቶች፣ መሐል ላይ አፉ በብረት ክዳን የተዘጋ የድሮ የድንጋይ ጉድጓድ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት የተዘረጋ የልብስ ገመድ፣ ከግድግዳ ስንጥቅ የበቀለች አንዲት የበለስ ዛፍ። ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ከመንገድ የሚገባበት መተላለፊያ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ ፍሪጅ የገዛ ሰው በሰገነት በገመድ ነው የሚያስገባው። ኒቬስ የምትኖረው ላይኛው ፎቅ ላይ በሁለት ክፍልና በአንድ ኩሽና ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዱ ክፍል ልብስ መተኮሻ ሆኗል፤ ሳሎን የሚባለው ደግሞ መተላለፊያ ያህል ነው። ጃዳ ከክረምት ጀምሮ ሶፋው ላይ ትተኛለች። ትከራየው የነበረውን ክፍል ባለቤቱ ለቱሪስት ሲያደርገው «ለሁለት ሳምንት ነው፣ አክስቴ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። አሁን ግንቦት ነው።

ሁለት ስኒ ቀዳች። አንዱን ሶፋው አጠገብ አስቀመጠችላት።

«ወተት ልጨምርልሽ?»

«ትንሽ» አለች ጃዳ፣ ስልኩን ገልብጣ።

በዚያ ማለዳ የተነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነው። ጃዳ አክስቷ ትስማ አትስማ አላወቀችም፤ ኒቬስም ልትነግራት አልፈለገችም። ስትናደድ ቶሎ የምትናገር ሰው አይደለችም። የጥንቱ የቬኒስ ገዥ፣ የዶጁ ቤተ መንግሥት የትኬት መስኮት ጀርባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጣ ኖራለች፤ ሲጮሁባት፣ ሲሳደቡባት፣ የተቀደደ ብር ሲወረውሩላት ፊቷን ሳታጨማድድ «ቀጣይ» ማለትን እዚያ ተምራለች። ያ ሥራ ደግሞ በቱሪስትና በሳን ማርኮ ላይ የማይነቀል ንቀት አሳድሮባታል። እሑድ ምሳ ላይ ሌላው ወንድሟ አልቪዜ የዓሣ ገበያውን ወሬ ሲጨርስ የሷ ተራ ይመጣል፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትለው። ሳን ማርኮ የእርግብ ኩስ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት የቤት ኪራይ ያህል ያስከፍላል። ቬኒስን ማየት የፈለገ እኛ ግቢ መጥቶ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ይቀመጥ። ጃዳ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው።

ኒቬስ ቅርጫቷን ይዛ ወረደች። ጋሪባልዲ ጎዳና ላይ ዳቦና አርቲቾክ የሚባለውን ቅርፊታም አትክልት ገዛች፤ የአትክልት ጀልባው ሻጭ «ዛሬ ሰፈራችሁ ሠርግ አለ እንዴ?» ሲላት ነገሩ አልገባትም። ወደ መተላለፊያው ስትደርስ ገባት። ሰዎች እየተጋፉ ይገባሉ፤ ሌሎች እየተጋፉ ይወጣሉ። ግቢው ውስጥ ደግሞ በሕይወቷ አይታ የማታውቀው ያህል ሰው ቆሟል። የአርቲቾኩን ከረጢት ከፍ አድርጋ በትከሻዋ እየሰነጠቀች ገባች። አንዲት ልጅ የኒቬስን የአልጋ ልብስ ገለጥ አድርጋ ከኋላው ብቅ እያለች ፎቶ ትነሳለች። አንድ ባልና ሚስት ጉድጓዱ ላይ ተቀምጠው ከወረቀት ላይ ፒዛ ይበላሉ። ድመቱ የለም። ሁልጊዜ ከበለሷ ሥር የሚተኛው ድመት ጣራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያያል። ሰዉ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ነበር ቀስ ብለው የሚያወሩት። ይህ ነበር ኒቬስን ከሁሉም የባሰ ያበሳጫት።

የእማማ አርጂያ በር ክፍት ነበር። እማማ አርጂያ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በወጣትነታቸው የብርጭቆ ዶቃ በክር ሲሰኩ የኖሩ ሴት ናቸው። የሚኖሩት ምድር ቤት ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚገባበት፣ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የምታየው ቤት። እግራቸው ስላበጠ ከወንበራቸው እምብዛም አይነሱም፤ አየር እንዲገባ ግን በሩን ቀኑን ሙሉ ይከፍቱታል። ኒቬስ ስትገባ ሁለት ሰዎች ኩሽናው ውስጥ ቆመዋል። ሴትየዋ የድስቱን ክዳን አንስታ የሚንተከተከውን ባቄላ ታያለች። ሰውየው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ወደ መሬት ደግኗል። እማማ አርጂያ በውስጥ ልብሳቸው፣ ፀጉራቸው ሳይበጠር ተቀምጠው፣ ያበጠውን እግራቸውን ከመታጠቢያው ሳፋ አውጥተው በሁለት እጃቸው ይዘው ያሳዩታል።

«ኒቬስ፣ መጣሽ?» አሉ ደስ ብሏቸው። «ሐኪሞቹ ዛሬስ ሁለት ሆነው መጡ። ቁርጭምጭሚቴ ጋ ነው በይልኝ፣ ቋንቋዬን አይሰሙም።»

ኒቬስ ቅርጫቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከሴትየዋ እጅ ክዳኑን ተቀብላ ድስቱ ላይ መለሰችው። ከዚያ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ከማንኛውም ቃል አብልጣ የተናገረችውን ቃል፣ በምታውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ እየደጋገመች ተናገረች። ተዘግቷል። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ግን እንዲያ ስትል ይከራከራት የነበረ ሰው አልነበረም፤ እነዚህም አልተከራከሩም። ሰውየው እየቀላ «ይቅርታ፣ ክፍት ነው ስለተባለ ነው» አለና ሚስቱን ይዞ ወጣ። ኒቬስ በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ የእማማ አርጂያን እግር በፎጣ አደረቀች።

«ሐኪሞች አይደሉም እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«አይደሉም፣ እማማ።»

እማማ አርጂያ የቤት ቀሚሳቸውን ከወንበሩ ጀርባ ሳብ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ጣሉት። «እኔ ደግሞ እግሬን አወጣሁላቸው» አሉ በቀስታ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ። ኒቬስ ፀጉራቸውን አበጠረችላቸው። ከውጭ የሰዉ ሹክሹክታ ይሰማል።

ስትወጣ ሲኞር ትሬቪዛንን አገኘችው። የእማማ አርጂያ ቤት የሱ ነው፤ ሌላም ቤት በየሰፈሩ አለው። ቀለል ያለ የበፍታ ኮት ለብሶ፣ ሰዉን እያየ፣ የሠርግ አዳራሽ ባለቤት ይመስል እጁን ያፋትጋል። ከሱ ጋር የመጣ አንድ ሰው ሜትር ዘርግቶ የእማማ አርጂያን መስኮት ስፋት ይለካል። ያ ምድር ቤት ለዓመታት ማንም ያልፈለገው ቤት ነበር። ትሬቪዛን ራሱ «ይህንን ጉድጓድ ለአይጥ እንኳ ማከራየት ያሳፍራል» ይል ነበር፤ ለዚህም ነው ኪራዩ ሳይጨምር እስካሁን የቆየው።

«ሲኞር ትሬቪዛን፣ እንደምን አደሩ? ሰውየው የሚለካው ምንድን ነው?»

«ምንም፣ ምንም፣ ኒቬስ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።» ወደ ግቢው በአገጩ ጠቆመ። «ወንድሜ ከሚላኖ ደውሎ ነው የነገረኝ። ተመልከቺ እስቲ! ማን ያስብ ነበር?»

«እማማ አርጂያ ውስጥ ናቸው። በመስኮታቸው ሰው ሲያይባቸው አይወዱም።»

«አይ፣ እሳቸውን ማን ይነካል? እሳቸው ያው እንዳሉ ናቸው እኮ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውላቸው መስከረም ላይ ያልቃል፤ እስከዚያ ማንም አይነካቸውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለዕድሜያቸው የሚስማማ፣ ነርስ ያለበት ቦታ ይሻላቸዋል። አንቺም ብትሆኚ ታስቢላቸው የለ?»

«በጣም አስባለሁ» አለች ኒቬስ።

ደረጃውን ወጣች። ጃዳ ሶፋው ላይ አልነበረችም፤ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ግማሽ ፊቷን በመጋረጃው ጋርዳ ቁልቁል ታያለች። የደስታ ፊት አልነበረም ፊቷ። ኒቬስ አርቲቾኮቹን አውጥታ መላጥ ጀመረች። አንዱን ላጠች፣ ሁለተኛውን ላጠች፣ ሎሚ ያለበት ውሃ ውስጥ ጣለቻቸው።

«ስንት ሰው አየው?» አለች ዞር ሳትል።

ጃዳ ተነፈሰች። «ብዙ ሰው።»

«ብዙ ማለት?»

«ትናንት ማታ አርባ ሺህ ነበር። ዛሬ አላየሁትም።»

«ከማለዳ ጀምሮ ስትደጋግሚው ሰምቻለሁ፤ አይተሽዋል።» ሦስተኛውን አርቲቾክ አነሳች። «እማማ አርጂያ ሐኪሞች መስለዋቸው እግራቸውን አሳዩአቸው። እነሱም ፎቶ አነሱት። ትሬቪዛን ደግሞ መስኮቱን እያስለካ ነው።»

ጃዳ አልቅሳ ይሆናል፤ ኒቬስ አላየቻትም። በመጨረሻ ልጅቷ የተናገረችው ግን የለቅሶ ድምፅ አልነበረውም።

«አክስቴ፣ የራስሽን ቃል እኮ ነው ያልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ‹ሳን ማርኮ የእርግብ ኩስ ነው፣ ቬኒስን የፈለገ እኛ ግቢ ይምጣ› ስትይ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ይምጣ ያልኩት እንደማይመጣ ስለማውቅ ነው!»

ጃዳ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «አንቺ ቤት አለሽ» አለች። «እኔ በተወለድኩበት ከተማ የምተኛው ያንቺ ሶፋ ላይ ነው። ሥራዬ ደግሞ ሌላ አገር የተሠራ ጭምብል የኛ ነው እያሉ መሸጥ። ይህ ነገር ቢሳካልኝ አንዲት ክፍል እከራያለሁ ብዬ ነው። እማማ አርጂያን ለመጉዳት አይደለም። እማማ አርጂያን እኔ እወዳቸዋለሁ።»

ልጅቷ ቤት ስለሌላት የሰው ቤት አሳይታለች፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ጠማማም ቀጥተኛም። ኒቬስ እጇን በመሐረቧ ጠረገች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ለሥራ ትለብሰው የነበረውን ሰማያዊ ኮት አወጣች፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠቦባታል።

«አጠፋዋለሁ» አለች ጃዳ። «አሁኑኑ።»

«አጥፊው። እታች ያሉትንስ በስልክሽ ታጠፊያቸዋለሽ? ጫማሽን አድርጊ።»

«የት ልንሄድ ነው?»

«ሳን ማርኮ።»

ጃዳ አክስቷን ጤነኛ መሆኗን ለማረጋገጥ ይመስል አተኩራ አየቻት። ኒቬስ ግን ደረጃውን መውረድ ጀምራለች። ግቢው መሐል ደርሳ ፒዛ የሚበሉትን ባልና ሚስት «አንዴ» ብላ አስነሳችና የጉድጓዱ ደረጃ ላይ ወጣች። እጇን ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። የቤተ መንግሥቱ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ሰዉ ዞረ።

«ስሙኝ! ይህ ግቢ ነው። ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ሰው ይተኛል፣ ባቄላ ይቀቀላል። ሌላ ምንም የለም። ለዚህ ከሆነ የመጣችሁት አይታችኋል፣ ጨርሳችኋል።»

ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ከቤርጋሞ ከተማ የመጣች ሴት እጇን አነሳች፤ ተማሪ እንደሚያነሳው። «ግን ሲኞራ፣ ቪዲዮው ላይ እውነተኛዋ ቬኒስ ይህች ናት ተብሏል። ባቡር ተሳፍረን የመጣነው ለዚህ ነው።»

«ቤርጋሞ ያለው ኩሽናሽ እውነተኛ አይደለም?»

«እንዴት አይሆንም?»

«ታዲያ እኔ መጥቼ ድስትሽን ከፍቼ ባይ ምን ትይኛለሽ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሴትየዋም ከሁሉ በላይ ሳቀች። «በማንኪያ ነበር የምልሽ!» አለች።

«እንግዲያው ተግባብተናል። ሠላሳ ዓመት ዶጁ ቤት ሠርቻለሁ። ሳን ማርኮ ከንቱ ነው ብሎ የነገራችሁ ሰው አታልሏችኋል። ማየት የሚፈልግ ይከተለኝ፤ ክፍያ የለውም። የማይፈልግ ደግሞ ጋሪባልዲ ጎዳና ላይ ጥሩ የተጠበሰ ሰርዲን አለ፣ ሄዶ ይብላ። እዚህ ግን አሁን የምሳ እንቅልፍ ነው።»

እንዲህ ስትል እውነቷን አልነበረም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰዉ ከእማማ አርጂያ መስኮት እንዲርቅ። ሳን ማርኮ ድረስ ትወስዳቸዋለች፣ ሕዝቡ ውስጥ ታሟሟቸዋለች፣ ትመለሳለች። ነገ ደግሞ ሌሎች ቢመጡ ሌሎቹን ትወስዳለች። ትሬቪዛን አፉን ከፍቶ ሲያይ ሰዉ በጠባቡ መተላለፊያ እየተግተለተለ ወጣ። መስኮት የሚለካው ሰው እንኳ ሜትሩን አጥፎ ጥቂት ተከትሏቸው ነበር፤ ትሬቪዛን ጠራው።

በባሕሩ ዳር ሳይሆን በጀርባ መንገድ ነው የመራቻቸው፤ በእንጨት ሠሪዎቹ በኩል፣ ሳን ዛካሪያ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት አቋርጠው። ጃዳ ከኋላ ሆና የቀሩትን ትሰበስባለች። ቤተ መንግሥቱን ከድሮው እስር ቤት የሚያገናኘው የእህህታ ድልድይ የሚታይበት ቦታ ሲደርሱ እንደ ሁልጊዜው መቆሚያ አልነበረም። ሰው ሁሉ ጀርባውን ለድልድዩ ሰጥቶ ስልኩን ወደ ራሱ ፊት ይዟል። የቤርጋሞዋ ሴት ተንጠራርታ አየችና «ይኸው ነው?» አለች። «ትንሽ ናት እኮ።»

ኒቬስ «ይኸው ነው፤ በሉ እንለፍ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ክረምት፣ ዝናብ፣ ጎብኚ ያልነበረበት አንድ ቀን። የትኬት ጥቅልል ልታመጣ በድልድዩ ውስጥ ወደ እስር ቤቱ በኩል እያለፈች ሳለ የኤሌክትሪክ መብራቱ ጠፋ። በድንጋይ ወንፊት በተሸፈነው ትንሽ መስኮት በኩል ብቻ ብርሃን ይገባ ነበር፤ ባሕሩ በዚያ ቀዳዳ ሲታይ ከመዳፍ አይበልጥም፤ አረንጓዴ ነበር። ያኔ ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እዚያ ቆማ መብራቱ እስኪመጣ ያችን መዳፍ የምታህል ባሕር ስታይ ቆየች። ለማንም ነግራ አታውቅም። አሁን ለእነዚህ ስማቸውን ለማታውቃቸው ሰዎች ነገረቻቸው፤ ባሏን ሳትጨምር፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ብቻ። «ከውጭ አይደለም የሚታየው» አለቻቸው። «ከውጭ ያለው ነጭ ድንጋይ ነው። ከውስጥ ሆናችሁ ስታልፉ በቀዳዳው እዩ። እስረኛው ወደ ጨለማ ሲገባ ለመጨረሻ ጊዜ የሚያየው ያችን ባሕር ነበር።»

ማንም ፎቶ አላነሳም። የሚያነሱት ነገር አልነበረምና ዝም ብለው ወደዚያች ትንሽ የድንጋይ ወንፊት አንጋጠው ቆሙ። ጃዳ ከኋላ ሆና ስልኳን መቼ እንዳወጣች ኒቬስ አላየችም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ ማለት ይቻላል። ልታሟሟቸው ወዳሰበችው አደባባይ ስታደርሳቸው ወደ ቤት መመለሱን ረሳችው። በቤተ መንግሥቱ በርና በሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን ማዕዘን መካከል፣ ከቀይ ድንጋይ የተጠረቡ ተቃቅፈው የቆሙ አራት ሰዎች አሉ፤ ሕዝቡ ሰልፍ ሊይዝ እየተራኮተ በአጠገባቸው ያልፋል። አንደኛው እግሩ ተሰብሮ በሌላ ቀለም ድንጋይ ተተክቶለታል። ኒቬስ ጠዋት ሥራ ስትገባ የዚህን ሰው ጉልበት ነካ አድርጋ ነበር የምታልፈው፤ ለምን እንደሆነ ራሷንም ጠይቃ አታውቅም። «እዩ እንዴት እንደተያያዙ» አለቻቸው። «ፈርተዋል። ንጉሦች ናቸው፣ ግን ፈርተዋል።» የቤርጋሞዋ ሴት ባል፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው፣ እጁን ዘርግቶ ጉልበቱን ነካው።

ሰልፍ አላሰለፈቻቸውም። የቤተ ክርስቲያኑ ወለል እንደ ባሕር ማዕበል ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ ወደ ማታ ሰልፉ ሲሳሳ ገብተው ከወርቁ ጣሪያ በፊት ወለሉን እንዲያዩ፣ በእግራቸው ሥር እንዲሰማቸው ነገረቻቸው። ቡና ከፈለጉ ሙዚቃ ከሚጫወቱት ርቀው ጀርባ መንገድ ላይ ቆመው እንዲጠጡ፤ ሙዚቃው ግን ለሁሉም እኩል ስለሚሰማ የአደባባዩ ቅስቶች ሥር ቆመው በነጻ እንዲሰሙት። አዎ፣ ሰው ይበዛል። አዎ፣ እርግቡ አለ። እሷ ራሷ እዚያ መሐል ቆማ፣ ኮቷ ትከሻዋን እየያዛት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላቶች ቀና ብላ አየች። ፀሐይ ፊት ለፊት መትታቸዋለች። እንደዚህ ቆማ ያየችበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«ሲኞራ፣» አለች የቤርጋሞዋ ሴት፣ «ይህ ሁሉ እያለ ከንቱ ነው የሚለው ማን ነው?»

«እኔ» አለች ኒቬስ። «መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የሰው ግንባር ብቻ ሳይ ኖርኩ። ከኔ ፊት ለፊት ግድግዳ ነበር።»

ወደ ቤት የተመለሱት አክስትና የወንድም ልጅ ብቻቸውን በባሕሩ ዳር ነው። አርሰናሌ ድልድይ ላይ ጃዳ «ቀርጬሻለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ስለ መስኮቱ ስትነግሪያቸው ፊትሽ… ላሳይሽ?»

«አታሳይኝ። ድምፁ ይሰማል?»

«በደንብ።»

«እንግዲያው ልቀቂው። የግቢውን ስም ግን አንዴ እንኳ እንዳታነሺ። እኔንም ‹አሮጊቷ› እንዳትይኝ፣ በጥፊ ነው የምልሽ።»

ጃዳ ያን ቀን ከሰዓት የመጀመሪያውን አጠፋች፣ ሁለተኛውን ለቀቀች። ‹ሠላሳ ዓመት ትኬት የቆረጠችው ሴት ሳን ማርኮን እንዴት እንደምታዩት ትነግራችኋለች› አለችው። የመጀመሪያውን ያየ ሰው ሁሉ ሁለተኛውን አየው፤ ያላየውም አየው። ለጥቂት ቀናት ግቢው ውስጥ አንዳንድ ሰው ብቅ እያለ «እዚህ ነው?» ይል ነበር፤ ኒቬስ ከመስኮቷ «አይደለም፣ ተቀይሯል!» ስትላቸው ይቅርታ ጠይቀው ይሄዳሉ። ድመቱ ከጣራ ወረደ። ትሬቪዛን ቤት የሚያከራዩ ሁለት ነጋዴዎች ይዞ አንድ ጠዋት መጣ። ያገኙት እርጥብ አንሶላ፣ ሻጋታ የበላው ግድግዳና መስኮቱ ላይ እንቅልፍ የወሰዳቸውን እማማ አርጂያን ነው። ዝናብም ጥሎ ስለነበር ቤቱ ይሸታል። አንደኛው ሰውዬ ጫማውን እያየ «ሰዉ የታለ?» አለው። ትሬቪዛን በሐምሌ መጨረሻ ውሉን እንደነበረው አድሶ፣ ወረቀቱን በበሩ ሥር አስገብቶ ሄደ።

ጃዳ ክፍል አላገኘችም ገና። ግን አንድ ማለዳ ኒቬስ የልብስ መተኮሻውን ክፍል ባዶ አደረገችው። ካውያውንና ጠረጴዛውን ወደ ኩሽና አወጣች፣ የባሏን ካፖርት ለአልቪዜ ሰጠች፣ አልጋ በወንድሟ ትከሻ አስገባች። «እስክታገኚ ነው» አለቻት። ጃዳ በሩን ከውስጥ ዘግታ ቀኑን ሙሉ ተኛች፤ ከክረምት ጀምሮ በር ዘግታ ተኝታ አታውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ኒቬስን ይዛ ትወጣለች፤ አንድ ቀን ደወል ማማው፣ አንድ ቀን ዓሣ ገበያው፣ አንድ ቀን ሁሉም የሚንቀው የመስታወት ሱቅ። ኒቬስ መጥፎ የሆነውን መጥፎ ነው ትላለች፣ ያለ ምሕረት። ጥሩውን ግን ከእንግዲህ ወዲያ አትንቅም። ጀልባ ላይ ሰው ያውቃታል፤ የዶጁ ቤት ትኬት ቆራጮች ደግሞ በመስኮታቸው እጅ ያውለበልቡላታል።

ይህን ሁሉ እማማ አርጂያ የሚከታተሉት በጃዳ ስልክ ነበር፤ ልጅቷ እግራቸውን ስታሽላቸው እያሳየቻቸው። አንድ እሑድ ስልኩን ከእጇ ወስደው አስጠግተው አዩት። «እዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ባሌ ገና በሕይወት ነበር» አሉ። «እኔንስ መቼ ነው የምትወስዱኝ? ወይስ ባቡር ተሳፍሬ ከቤርጋሞ ልምጣ?»

አልቪዜ የዓሣ ጀልባውን በሶዳ አጠበ፤ እማማ አርጂያ ግን «አሁንም ቁልጭ ያለ ዓሣ ነው የሚሸተው» አሉት። በወንበራቸው እንደተቀመጡ እሱና ሌላ ጎረምሳ ጎረቤት አንስተው ጀልባው መሐል አኖሯቸው። የጳጉሜ መጀመሪያ ነበር፤ ሙቀቱ በርዷል። ሰማያዊ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ በወጣትነታቸው የሰኩትን ዶቃ አንገታቸው ላይ አድርገዋል። ከቦዩ ወጥተው ወደ ሰፊው ባሕር ሲታጠፉ ኒቬስ ከጎናቸው ሆና ትከሻቸውን ያዘች፤ ጃዳ ስልኳን ኪሷ ውስጥ እንዳደረገች ከፊት ተቀምጣለች። ቤተ መንግሥቱ፣ ሁለቱ ዓምዶች፣ ከኋላ ደግሞ ጉልላቶቹ ቀስ በቀስ ተገለጡ። ዳር ላይ የቆመው ሕዝብ ልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚጮህ፣ የሚገፋፋ።

አልቪዜ ሞተሩን አጥፍቷል፤ ጀልባዋ በማዕበሉ ትወዛወዛለች።

«ይህን ሁሉ ዓመት» አሉ እማማ አርጂያ በመጨረሻ፣ «ይህንን ነው ለነሱ ትተንላቸው የኖርነው?»

በዘንጋቸው የጀልባዋን ጎን መታ አደረጉ።

«ምን ትጠብቃለህ አልቪዜ? ጠጋ በል እንጂ። ልወርድ ነው።»